በመርሳት ሕመም የተያዙ አረጋውያንን እንቅልፍ በቤት ውስጥ ስለ መከታተል

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከአልጋቸው ተነሥተው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ «ቅዳሴው ሊያመልጠኝ ነው» ወይም «የሱብሒ ሶላት ደረሰብኝ» እያሉ ከግቢው በር መቀርቀሪያ ጋር የሚታገሉ እናት ያሉበት ቤተ ሰብ በየከተማው ይገኛል። ልጃቸው በድንጋጤ ትነሣለች፤ ለምና መልሳ ታስተኛቸዋለች፤ ጥቂት ቈይቶ ያው ነገር ይደገማል። ሲነጋ እናት በወንበር ላይ ያንቀላፋሉ፤ ልጅ ግን ዐይኗ ቀልቶ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ዘመድ ሲጠየቅ ግማሹ «እርጅና ነው፤ ጃጅተዋል» ይላል፤ ግማሹም ነገሩን የክፉ መንፈስ ሥራ ያደርገዋል። ሁለቱም አነጋገሮች ለታማሚዋም ሆነ ለአስታማሚዋ የሚያመጡት ረድኤት የለም።

በዚህ ወር ትምህርታችን በመርሳት ሕመም የተያዘ ሰው እንቅልፉ ስለ ምን እንደሚታወክ፣ ቤተ ሰቡም እንቅልፉን እንዴት አድርጎ ሊከታተልና ሊያሻሽል እንደሚችል እናስረዳለን። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስ፣ አንድ ሰዓትና ብዙ ትዕግሥት ነው። መምህራን ይህን ትምህርት ለተማሪዎቻቸው ቢያስተላልፉ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል የልጅ ልጅ ለአያቱ የሚያደርገው አገልግሎት ትልቅ መሆኑን እናምናለን።

1. ሕመሙ ምንድን ነው?

ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት የመርሳት ሕመም የአንጎል ሕዋሳት ቀስ በቀስ እየተጐዱ ሲሄዱ የሚመጣ ነው። የማስታወስ፣ የማሰብ፣ የመናገርና ጊዜንና ቦታን የመለየት ችሎታ ይቀንሳል። እርጅና ለዚህ ሕመም ዋናው አጋላጭ ቢሆንም፣ ሕመሙ የእርጅና ተፈጥሯዊ ዕጣ አይደለም፤ እጅግ ሸምግለው አእምሯቸው ብሩህ የሆነ አያሌ ሰዎች አሉና። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ እንደ ነበር አስታውቋል። ከእነዚህም ከመቶ 60 የሚበልጡት በአነስተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

ከሕመሙ ዐይነቶች ብዙውን ክፍል የሚይዘው አልዛይመር የተባለው ነው። ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ሲሆን፣ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1906 የአንዲት ታማሚ ሴትን ሁኔታና ከሞተች በኋላ በአንጎሏ ውስጥ ያገኘውን ለውጥ ለሐኪሞች ጉባኤ ገልጿል። ከዚህም ሌላ ከደም ሥሮች መጐዳት የሚመጣ አለ፤ ሌዊ ቦዲ የሚባልም አለ። የእንቅልፍ መታወክ በሁሉም ይታያል።

2. እንቅልፍ ስለ ምን ይታወካል?

በአንጎላችን ሥር፣ የሁለቱ ዐይኖች ጅማቶች ከሚሻገሩበት ስፍራ በላይ፣ እጅግ ትንሽ የሆነ የሕዋሳት ክምችት አለ። ይህ ክምችት የሰውነታችን ሰዓት ነው። በዐይን በኩል የሚገባውን ብርሃን ተቀብሎ ቀኑን ከሌሊቱ ይለያል፤ ሲጨልምም ሜላቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር እንዲመነጭ ያዛል፤ በዚያም ሰውነት ለእንቅልፍ ይዘጋጃል። አልዛይመር የእነዚህን ሕዋሳት ኀይል ያዳክማል። በዚህ ላይ የሽማግሌ ዐይን ብርሃንን እንደ ወጣት ዐይን አያስገባም። ታማሚው ቀኑን ሙሉ በጨለመ ክፍል ውስጥ ከተቀመጠማ፣ የደከመው ሰዓት የሚመራበትን ምልክት ፈጽሞ ያጣል ማለት ነው። ከዚህም የተነሣ ቀንና ሌሊት ድንበራቸው ይፈርሳል።

በጤነኛ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ቀላል እንቅልፍ፣ ከባድ እንቅልፍና ሕልም የሚበዛበት እንቅልፍ እየተፈራረቁ ይመጣሉ። ዐይን ከሽፋኑ በታች ፈጥኖ የሚንቀሳቀስበትን ይህን የሕልም እንቅልፍ እ.ኤ.አ. በ1953 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት አዜሪንስኪና ክላይትማን ለዓለም አሳወቁ። በመርሳት ሕመም ግን ከባዱ እንቅልፍ ያንሳል፤ መንቃት ይበዛል። በብዙ ታማሚዎች ላይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጀምሮ መረበሽ፣ መንጐራደድና «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ማለት ይታያል።

እዚህ ላይ አንባቢ «እንቅልፍ ማጣት ራሱ ሕመሙን ያመጣልን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ አንድ ጥናት 8,000 ያህል የእንግሊዝ አገር የመንግሥት ሠራተኞችን ለ25 ዓመት ተከታትሎ፣ ከጐልማሳነታቸው ጀምሮ ዘወትር 6 ሰዓት ወይም ከዚያ በታች የሚተኙት 7 ሰዓት ከሚተኙት ይልቅ ለሕመሙ ያላቸው ተጋላጭነት ከመቶ 30 ያህል ብልጫ እንደ ነበረው አሳይቷል። ሆኖም እንቅልፍ ማነሱ ምክንያት ይሁን ወይም ገና ያልተገለጠው ሕመም ምልክት ይሁን ነገሩ ተፈትቶ አላለቀም። ስለዚህ ማንም ቤተ ሰብ «እኛ ነን ያመጣንባቸው» ብሎ ራሱን አይውቀስ።

3. የእንቅልፍ መዝገብ

ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ሰው «ሌሊቱን ጨርሶ አይተኙም» ብሎ ቢናገር፣ ሐኪሙ ከዚህ ቃል የሚያገኘው ፍሬ ጥቂት ነው። የደከመ አስታማሚ ክፉውን ሌሊት ያስታውሳል፤ ደኅናውን ይረሳል። መዝገብ ግን አይረሳም፤ አያጋንንምም። ስለዚህ ቢያንስ ለ2 ሳምንት ያህል በየዕለቱ የሚከተሉትን ነገሮች መጻፍ ያስፈልጋል፤

ሀ) ወደ አልጋ የገቡበት ሰዓትና እንቅልፍ የወሰዳቸው የመሰለበት ሰዓት፤
ለ) በሌሊት የነቁበት ሰዓት፣ ነቅተው የቈዩበት ጊዜና የነቁ ጊዜ ያደረጉት ወይም የተናገሩት ነገር፤
ሐ) ጠዋት ከአልጋ የተነሡበት ሰዓት፤
መ) በቀን ያንቀላፉበት ሰዓትና ርዝመቱ፤
ሠ) ቡና፣ ሻይ፣ ጠላ ወይም አረቄ የጠጡበት ሰዓት፤ የመጨረሻው ምግብ፤
ረ) የወሰዱት መድኃኒትና ሰዓቱ፤
ሰ) ከቤት ወጥተው በፀሐይ ብርሃን የቈዩበት ጊዜ፤
ሸ) የሕመም ስሜት፣ የሆድ ድርቀት፣ የሽንት መብዛት፣ ማንኮራፋት፣ መቃዠት።

አጻጻፉም ደንብ አለው። በሌሊት ሰዓት ለማየት ሲባል መብራት ማብራትና ታማሚውን መቀስቀስ አይገባም፤ በግምት ይዞ ጠዋት መጻፍ ይበቃል። እንዲሁም ያዩትን ብቻ መጻፍ ነው። «ተቈጡ» ከማለት «ሁለት ጊዜ ጮኹ፤ ሆዳቸውን ያዙ» ማለት ይሻላል፤ የኋለኛው አጻጻፍ ሐኪሙን ወደ ምክንያቱ ይመራዋልና።

4. መዝገቡ እንዴት ይነበባል?

ለምሳሌ አንድ አባት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ወደ አልጋ ገቡ እንበል። በ3 ሰዓት እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነቅተው እስከ 9 ሰዓት ሲንጐራደዱ ቈዩ። እንደ ገና ተኝተው በ11 ሰዓት ተነሡ። በአልጋ ላይ የተመደበው ጊዜ 9 ሰዓት ነው። የተኙት ግን መጀመሪያ 4፣ በኋላም 2፣ በጠቅላላው 6 ሰዓት ነው። 6ን ለ9 አካፍለን በ100 ብናባዛ 67 ያህል ይሆናል። ይህም ማለት ከመቶው የአልጋ ጊዜ 67ቱ ብቻ በእንቅልፍ አለፈ ማለት ነው። በጤነኛ ጐልማሳ ከመቶ 85 ወይም ከዚያ በላይ መልካም ይባላል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን እየቀነሰ መሄዱ የታወቀ ነው።

ነገር ግን የቀኑን ገጽ እንመልከት። እኒሁ አባት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት፣ ደግሞም ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት በወንበራቸው ላይ ተኝተዋል። እንግዲህ በ24 ሰዓት ውስጥ የተኙት 8 ሰዓት ነው። ስለዚህ እኒህ አባት እንቅልፍ አላጡም፤ እንቅልፋቸው ተበታተነባቸው እንጂ። ለእርሳቸው የሚያሻው የእንቅልፍ ኪኒን ሳይሆን የተበተነውን እንቅልፍ ወደ ሌሊት መሰብሰብ ነው። ይህን ፍርድ ደብተሩ ባይኖር ማንም ሊሰጠው ባልቻለ ነበር።

5. ስለ መለኪያ መሣሪያዎች

በዘመናችን እንቅልፍን የሚለኩ ልዩ ልዩ መሣሪያዎች አሉ። ፍጹም የሆነው መለኪያ በሆስፒታል ውስጥ የአንጎልን ሞገድ፣ የዐይንን እንቅስቃሴ፣ የጡንቻን ኀይልና አተነፋፈስን በአንድነት የሚመዘግበው ነው። ይሁን እንጂ በባዕድ ክፍል ውስጥ ራሱ ላይና ደረቱ ላይ ሽቦ የተለጠፈበት የመርሳት ታማሚ እንደ ቤቱ አይተኛም፤ ሽቦውንም ሊነቅል ይችላል። ስለዚህ ለቤት የሚሆኑ ሌሎች ተሠርተዋል። አንደኛው አክቲግራፍ የሚባለው እንደ ሰዓት በእጅ አንጓ የሚታሰር መሣሪያ ነው፤ የእጅን እንቅስቃሴ እየቈጠረ ለአያሌ ቀናት ይመዘግባል። ሁለተኛው ከፍራሽ በታች የሚነጠፍ ሲሆን፣ የሰውነትን እንቅስቃሴና አተነፋፈስን እንዲሁም ከአልጋ መነሣትን ይለያል።

እነዚህ መሣሪያዎች ጠቃሚዎች ናቸው፤ ግን የማይሳሳቱ አይደሉም። የእጅ መለኪያው ሳይንቀሳቀስ ነቅቶ የተጋደመውን «ተኝቷል» ብሎ ይቈጥራል፤ ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ የሚቀመጠውን ታማሚም እንደዚሁ። የፍራሹ መለኪያ በእኛ አገር ልማድ የልጅ ልጅ ከአያቱ ጋር በአንድ አልጋ ሲተኛ የማን እስትንፋስ እንደ ሆነ ይደናገረዋል። ደግሞም መሣሪያው መንቃቱን ይነግረናል እንጂ ስለ ምን እንደ ነቃ አይነግረንም። ስለዚህ መሣሪያ ያለውም ቢሆን ደብተሩን አይተው። መሣሪያ የሌለውም ደብተሩን እንደ ትንሽ ነገር አይቍጠረው።

በዚህ ረገድ አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። ታማሚ ቢሆኑም የቤቱ ታላቅ ናቸውና፣ መለኪያ ከማሰር በፊት ነገሩን በሚገባቸው ቃል አስረድቶ ፈቃዳቸውን መጠየቅ፣ አውልቀው ሲጥሉትም አለማስገደድ ይገባል። ያለ ፈቃድ በመኝታ ቤት ካሜራ መትከልና የሌሊት ነገራቸውን ለጎረቤት ማውራት ክብርን መግፈፍ ነው።

6. ምክንያቱን መፈለግ

መዝገቡ ከተጠናቀቀ በኋላ በየነቁበት ሰዓት ፊትና ኋላ ያለውን መመርመር ነው። የመርሳት ታማሚ «ጕልበቴን አመመኝ» ብሎ መናገር ሊያቅተው ስለሚችል ሕመሙን በመንጐራደድ ይገልጠዋል። የመገጣጠሚያ ቍርጥማት፣ የሆድ ድርቀት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ረኀብ፣ ብርድ፣ ቍንጫና ትኋን ሁሉ እንቅልፍ ይነሣሉ። ለደም ግፊት የሚሰጥ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት በማታ ከተወሰደ ሌሊቱን ያመላልሳል። ለመርሳት ሕመም የሚሰጠው ዶኔፔዚልም በማታ ሲወሰድ አንዳንዱን ሰው እንቅልፍ ይነሣዋል ወይም ያቃዠዋል። እንደነዚህ ያሉትን መድኃኒቶች ሐኪሙ ወደ ጠዋት ሊያዛውራቸው ይችላል፤ ቤተ ሰቡ ግን በራሱ ፈቃድ አይለውጥ።

ቡናንም አንርሳ። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ከተጠጣ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ በሰውነት ውስጥ ይቀራል። እንግዲህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን የጠጡ እናት እኩለ ሌሊት ላይ ቢነቁ የሚያስደንቅ አይደለም። ታላቅን ከቡና ሥርዐት ማግለል ነውር ስለ ሆነ፣ ሥርዐቱን ከእኩለ ቀን በፊት ማድረግ የተሻለ ነው።

7. እንቅልፍን ለማሻሻል የሚደረገው

በአሜሪካ በሲያትል የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት 36 የአልዛይመር ታማሚዎችን ከአስታማሚዎቻቸው ጋር ተመልክቶ፣ የእንቅልፍ ደንብ ትምህርት፣ በየቀኑ የሚደረግ የእግር ጕዞና የብርሃን ሕክምና በአንድነት ሲሰጡ የሌሊት መንቃት እንደሚቀንስ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2024ም የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች 377 ታማሚዎችንና አስታማሚዎቻቸውን አካትተው ያደረጉት ጥናት ውጤት ወጥቷል። በዚህም ሐኪሞች ያልሆኑ የሠለጠኑ ሰዎች አስታማሚዎችን በ6 ክፍለ ትምህርት አስተማሩ፤ የታማሚዎቹ እንቅልፍ በእጅ መለኪያ ተመዘገበ፤ መዝገቡን ተመልክተውም ለእያንዳንዱ ቤት የሚስማማ ዕቅድ አወጡ። ከ8 ወር በኋላ የእነዚህ ታማሚዎች እንቅልፍ ትምህርቱን ካላገኙት የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ የምንማረው ሥራው በቤተ ሰብ እጅ የሚፈጸም መሆኑን ነው።

ስለዚህ የሚከተለው ይደረግ። ጠዋት ዘወትር በአንድ ሰዓት ማስነሣት፤ ቍርስ ካበሉ በኋላ ወደ ፀሐይ ማውጣት። በእነዚያ አገሮች በክረምት ቀኑ አጭር ስለ ሆነ ልዩ የብርሃን መብራት ይገዛሉ፤ በአገራችን ግን ዓመቱን ሙሉ ቀኑ ወደ 12 ሰዓት ስለሚጠጋ ብርሃኑ በደጃችን በነጻ አለ። አቅማቸው የፈቀደ እንደ ሆነ በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል ማራመድ። ስንዴ መልቀም፣ ፈትል መፍተል፣ ሽንኩርት መላጥን የመሰለ የለመዱትን ቀላል ሥራ መስጠት። የቀኑን እንቅልፍ ከግማሽ ሰዓት እንዳያልፍና ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት እንዲያበቃ ማድረግ። እንቅልፋቸው ሳይመጣ ወደ አልጋ አለማስገባት፤ ከላይ ያነሣናቸው አባት ከምሽቱ 2 ሰዓት ይልቅ በ4 ሰዓት ቢተኙ የሚጠቀሙ ይመስላል። በማታም ቴሌቪዥኑን ዝግ አድርጎ፣ እግራቸውን በለብ ያለ ውሃ አጥቦ፣ ሁልጊዜ በአንድ ዐይነት ሥርዐት ማስተኛት ነው።

ሌሊት ሲነቁ «ገና ሌሊት ነው፤ አብደዋል እንዴ!» ብሎ መከራከር አይጠቅምም። በዝግታ ድምፅ ስማቸውን ጠርቶ፣ ሽንት ቤት አድርሶ፣ ውሃ አቅርቦ፣ «ሲነጋ አብረን እንሄዳለን» ብሎ መመለስ ይሻላል።

8. ስለ ሌሊት ጥንቃቄ

በመኝታ ቤቱና በሽንት ቤቱ መካከል ትንሽ መብራት ይኑር። ሽንት ቤቱ በግቢ ውስጥ ሩቅ ከሆነ ፖፖ በአልጋው አጠገብ ይቀመጥ። በበሩ ላይ ቃጭል ማንጠልጠል አስታማሚን በጊዜው ይቀሰቅሳል፤ ዋጋውም ከማናቸውም መሣሪያ ያነሰ ነው። የከሰል ምድጃ፣ ቢላዋና ጋዝ ከዐይን ይራቁ፤ በግቢ ያለ ጕድጓድ ይከደን። ሰውን ለብቻው በክፍል ቈልፎ መተው ወይም ከአልጋ ማሰር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ እሳት ቢነሣ መውጫ የለውም፤ ለመፈታት ሲታገልም ይጐዳል።

9. ስለ እንቅልፍ መድኃኒት

ብዙ ሰዎች የሚቸኵሉት ወደ ኪኒን ነው። ዳያዜፓምና መሰሎቹ የመርሳት ታማሚውን ይበልጥ ያደናግሩታል፤ ሲነሣም ያወድቁታል፤ የሽማግሌ ዳሌ አጥንት ስብራት ደግሞ ለሞት እስከ ማድረስ ይደርሳል። ለጉንፋንና ለማሳከክ የሚሸጡ እንቅልፍ የሚያመጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም መርሳቱን ያባብሳሉ። ሜላቶኒን እንኳ በአልዛይመር ታማሚዎች ላይ ተፈትኖ እንቅልፍን ስለ ማሻሻሉ በቂ ማስረጃ አልተገኘም። ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ፣ በተለይም ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን፣ አይሰጥ።

10. መቼ ወደ ሐኪም?

ሀ) በጥቂት ሰዓታት ወይም ቀናት ውስጥ በድንገት መደናገሩ ቢብስ፣ ወይም ከልማዱ ውጭ ድብት ብሎ ቢተኛ፣ ይህ ከኢንፌክሽን፣ ከመድኃኒት ወይም ከሌላ ከባድ ሕመም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት መውሰድ ነው።
ለ) እያንኮራፋ እስትንፋሱ ተቋርጦ እንደ መታፈን ብሎ የሚነቃ እንደ ሆነ።
ሐ) በሕልሙ እየጮኸ የሚማታና ከአልጋ የሚወድቅ እንደ ሆነ። ይህን ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ ሐኪሞች በዝርዝር ገልጸውታል፤ የሌዊ ቦዲ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። ሌዊ ቦዲ ያለበት ሰው ሃሎፐሪዶልን የመሰለ መድኃኒት ቢሰጠው ብርቱ ጕዳት ሊደርስበት ስለሚችል፣ በደብተሩ የተጻፈ አንድ መስመር ሕይወት ሊያድን ይችላል።
መ) የወደቀ ወይም ከቤት ወጥቶ የጠፋ እንደ ሆነ።

11. ስለ አስታማሚዋ

በመዝገቡ መጨረሻ አንድ መስመር ለአስታማሚዋ ይተውላት፤ እርሷስ ስንት ሰዓት ተኛች? በብዙ ቤት ሸክሙ ሁሉ በአንዲት ልጅ ወይም ምራት ላይ ይወድቃል። ለወራት ያልተኛች አስታማሚ ትታመማለች፤ ትዕግሥቷም ያልቃል፤ በመጨረሻም ሁለቱም ይጐዳሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፣ ወንድምና እኅት፣ ወንድ ልጅም ጭምር፣ ሌሊቱን በተራ ይካፈሉት። ከሩቅ ያለውም ገንዘብ ልኬአለሁ ብሎ ብቻ አይቅር፤ በዕረፍቱ መጥቶ ጥቂት ሌሊት ይተካት።

የመርሳት ሕመምን ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም። ታማሚውንና አስታማሚውን ማሳረፍ ግን ይቻላል። እነዚህ አረጋውያን እኛ ሕፃናት ሳለን ሌሊቱን ስንት ጊዜ እንደ ተነሡልን የሚናገር መዝገብ የለም። እኛ ግን ዛሬ ደብተር ገዝተን የመጀመሪያውን ሌሊት እንጻፍ።

ለመምህራን የቀረቡ ጥያቄዎች

1. የመርሳት ታማሚ ቀንና ሌሊት የሚደባለቅበት ስለ ምንድን ነው?
2. አንዲት እናት ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኝተው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሡ። በመካከሉ 3 ሰዓት ነቅተው ቈዩ። ከመቶ ስንቱን በእንቅልፍ አሳለፉ?
3. የእጅ መለኪያ የሚሳሳተው በምን ጊዜ ነው?
4. ታማሚን በክፍል ቈልፎ መተው የማይገባው ስለ ምንድን ነው?
5. በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም የሚያስኬደው ምልክት የትኛው ነው?